ናሙና አይወሰድም

እህቴን ሙናን በበረዶ ሳጥን ከተው ሊወስዷት የመጡት ሰዎች ሁለት ነበሩ። አንዷ ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ሴት ናት፤ ሌላው ሳጥኑን የተሸከመ ሹፌር። ሳጥኑ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ነጭ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳጥኑን እንዳየሁ በዓይኔ ለካሁት። ሙና ጉልበቷን አጥፋ ብትቀመጥበት ልክክ ትላለች።

አትሳቁብኝ። እናንተም በእኛ ቤት ብታድጉ ኖሮ ይኸው ነበር የሚታያችሁ። እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ የአባቴን አማርኛ ላስተዋውቃችሁ።

አባቴ ሸረፋ የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ነበር። ከእናቴ ከከድጄ ጋር የሚነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ በመስቃንኛ ነው። ከእኛ ከልጆቹ ጋር ግን «ትምህርት ቤት ገብታችሁ አፋችሁ እንዳይተሳሰር» እያለ አማርኛ ብቻ ያወራል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ እሱ ራሱ አማርኛን የለቀመው መጋዘን ለመጋዘን ከደላላና ከጫኝ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። እዚያ ደግሞ ወንድ እንጂ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ በአባቴ አማርኛ ሴት የሚባል ነገር የለም። እናቴን «ከድጄ፣ ብላ እንጂ» ይላታል። እኔን «ሰፍያ፣ ውሃ አምጣ» ይለኛል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ልታርመው ሞክራ ነበር አሉ፤ በኋላ ሰለቻትና ተወችው።

ሙና ደግሞ የቤቱ ንጉሥ ነበረች። አባቴ ወደ ማታ ከገበያ ሲመለስ ገና አጥሩ ጋ ሳይደርስ «ና ሙና! ና ሙና!» እያለ ነው የሚመጣው። እሷም ያንን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ጥላ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። ከመስማት ብዛት ስሟ ያ መሰላት። ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰው «ስምሽ ማነው ቆንጆ?» ሲላት ደረቷን ነፍታ «ናሙና!» ትላለች። ሰፈሩም ሳቀና ተቀበለው፤ ሱቅ ስንላክ ባለሱቁ ሳይቀር «ናሙና መጣች» ይል ነበር። ለእኔም እንደዚያው ነበር። ሙና የወረቀት ስሟ፣ ናሙና የቤት ስሟ።

ቤታችን ከአባቴ መጋዘን ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለየው። እኔና ሙና የምንተኛው በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ላይ ከታች ጀምሮ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ነበር፤ እኛ «ጉንዳኖቹ» እንላቸዋለን። እናቴ በየሳምንቱ በበረኪና ትፈትጋቸዋለች፣ ኖራ ትቀባባቸዋለች፤ እነሱ ግን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሲመጡም በዝተው ነው። ሙና ግድግዳው ይቀዘቅዛል ብላ ትወደው ነበር። አፍንጫዋን ለጥፋ ነው የምትተኛው። ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ ላይ ጥቁር ይታተማል፤ እኔ በምራቄ እጠርግላታለሁ።

አባቴ ከሱብሂ ሶላት መልስ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዞ መጋዘን ይገባል። የውሃ ቸፍ ቸፍ ይሰማኛል። ለሶላት ይታጠባል፣ ውዱእ ያደርጋል ብዬ ነበር የማስበው። ቢስሚላህ ሲልም እሰማዋለሁ። ምን ያህል ንጹሕ ሰው ነው፣ በአንድ ጠዋት ሁለቴ ውዱእ የሚያደርግ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

አሁን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ደርቆ የተንኮሻኮሸ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል። የተሰባበረውን ገዢ አይወደውም። ስለዚህ ከመጠቅጠቁ በፊት በመጥረጊያ ውሃ እየነከሩ ይረጩታል፣ ለስለስ ይላል። ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር፤ አባቴ ከሌላው የተለየ ክፉ ሰው አልነበረም። መሬቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ግድግዳው ከመሬቱ ይጠጣል፣ እኛ ደግሞ ከግድግዳው።

እንግዲህ ሙና ማፏጨት ጀመረች። ማታ ስንተኛ ከደረቷ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፣ ስትተነፍስ «ሲይይ» ይላል። እኔ በሰባት ዓመቴ ማፏጨት አልችልም ነበር። ከንፈሬን አሹዬ እታገላለሁ፤ የሚወጣው ምራቅ ነው። ይቺ የሦስት ዓመት ሚጢጢ በተኛችበት ስታፏጭ በቅናት ልሞት! በጆሮዋ፣ በአባቴ አማርኛ፣ «እንዴት ነው የምታደርገው? አስተምረኝ» እላታለሁ። እሷ አትመልስም። እናቴ ግን ከወዲያ ክፍል መጥታ ብድግ አድርጋ ታስቀምጣታለች፣ ጀርባዋን ታሻታለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እናቴ ማፏጨቷን ያልወደደችላት ነበር የሚመስለኝ። ያላህ! ልጅ መሆን እንዴት ያለ ነገር ነው።

እናቴ ሙናን ጤና ጣቢያ አመላለሰቻት። እዚያ የበርበሬ ተራ ልጆች ሳል በዝቶባቸው ስለነበር ቤቶቹን የሚያዩ ሰዎች ከወልቂጤ እንዲመጡ ተደረገ። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሔራን የምትባል የላብራቶሪ ሰው ነበረች።

ሔራን ገብታ ግድግዳውን አየች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣

«ወይዘሮ ከድጄ፣ ናሙና መውሰድ አለብን» አለች።

ሙና ጓሮ ነበረች። ስሟን ስትሰማ እየሮጠች መጣችና ሴትዮዋ ፊት ተገትራ ቆመች።

ሔራን ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ማን ትባያለሽ?»

«ናሙና!»

ሔራን አፏን ይዛ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። ሹፌሩም ሳቀ። «ይኸው ናሙናችን ራሱ በእግሩ መጣ!» አለ። እኔ የሚፈልጓትን ልጅ ስላገኙ እንደሳቁ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። እናቴን አየኋት። ፈገግ ብላለች! ልጇን ሊወስዱባት ቆመው ፈገግ ትላለች!

ከዚያ ወዲያ ከሰማሁት ሁሉ አንድም አልረሳሁም።

«ናሙናውን በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርገን ዛሬውኑ ወልቂጤ እናደርሰዋለን» አለች ሔራን። «ፀሐይ እንዳያገኘው ብቻ። እዚያ ለጥቂት ቀን እናሳድገዋለን። ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲያድግ ነው።»

እናሳድገዋለን! የሰው ልጅ ወስደው እነሱ ሊያሳድጉ! ሲያድግ ምን እንደሆነ ሊያዩ! «እናደርሳታለን» ብትል ኖሮ ስለ ሴት ልጅ ነው የምታወራው ትሉኛላችሁ፤ እሷ ግን «እናደርሰዋለን» ነው ያለችው። ታዲያ በእኛ ቤት ሙና መች ሴት ሆና ታውቃለች? አባቴ «ሙና በላ ወይ? ሙና ተኛ ወይ?» ሲል ነው ያደግኩት። እኔም የማወራው የአባቴን አማርኛ ነበር። ቃሉ ምንም አላጠራጠረኝም።

ሔራን ከቦርሳዋ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ክብ ሳህኖች አወጣች። እንደ መስታወት የሚያሳዩ ናቸው፤ ውስጣቸው ቢጫ የረጋ ነገር አለ። አንዱን ከመኝታችን ራስጌ፣ አንዱን ወንበር ላይ፣ አንዱን በሩ ጋ አድርጋ ክዳናቸውን ከፈተች። ከአየሩ ላይ የሚወርደውን እንዲቀበሉ ነው፤ ዛሬ ገብቶኛል። ያኔ ግን እናቴ ለአይጥ የምታስቀምጠውን አውቃለሁ፤ ይህም ለሙና የተቀመጠ ማጥመጃ ነው አልኩ። ጣፋጭ ነገር ይመስላል። ሙና ደግሞ ሆዳም ናት። ቀጥሎ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት አውጥታ ሙና አፍንጫዋን የምትለጥፍበትን ቦታ፣ ልክ እሱን ቦታ፣ ጠረገች። እንዴት አወቀችው?

«አሁን ሁላችንም ወጥተን በሩ ይዘጋ። ማንም እንዳይገባ» አለች።

ግቢ ወጣን። ሙናን ከወገቧ ጨምድጄ ይዣት ተቀመጥኩ። «ልቀቀኝ» ትላለች፤ አለቅም። ሔራን ለእናቴ ቀስ ብላ ስታወራ ጆሮዬን አቆምኩ።

«የግድግዳው ምንጭ ከወዲህ አይመስለኝም፣ ከማዶ ነው። መጋዘኑን ማየት አለብኝ። ትልቁ ናሙና ከዚያ ነው የሚወሰደው።»

እናቴ «እሱ ይምጣ፣ እሱ ይክፈትላችሁ» አለች። ወዲያው ሰው ላከችበት።

አባቴ ከአጎቴ ከጀማሉ ጋር እየተቻኮለ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ሔራን ሁሉን ነገር አስረዳችው። ከዚያ ሄዶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። እጆቹን ዘርግቶ መቃኖቹን በሁለት በኩል ያዘ።

«ስማ እህቴ» አላት። «እዚህ ናሙና አይወሰድም።»

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልቤ ዘለለች። አባቴ አወቀባቸው! ሙና እቅፌ ውስጥ ስሟን ሰምታ ቀና አለች።

«አቶ ሸረፋ፣ ለልጅዎ ብለን ነው» አለች ሔራን። «ትንሽ ነው የምንወስደው። ምንም አይጎድልብዎትም።»

«አይወሰድም አልኩ!»

እናቴ ሄዳ እግሩ ሥር ተንበረከከች። እናቴ፣ ለማንም የማትንበረከክ ሴት። በመስቃንኛ ጀመረች፣ ከዚያ እንግዶቹም እንዲሰሙላት ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ ዞረች። «ሸረፋ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ናሙናው ይወሰድ! ፍቀድላቸው! ይውሰዱ!»

ይውሰዱ! እናቴ ናት ይህን ያለችው። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የወለደቻትን ልጅ ይውሰዱ ትላለች! ያን ጊዜ ውስጤ የሆነ ነገር ቁርጥ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ፀጉሬን እንድትሠራኝ አልፈቅድላትም ነበር፤ ጎረቤት ሄጄ እሠራለሁ። እሷም «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ጠይቃኝ ተወችኝ።

አጎቴ ጀማሉ አባቴን ክንዱን ይዞ «ጭነቱ ሐሙስ ነው፣ ከሐሙስ በኋላ ይምጡ በላቸው» ሲለው ሰማሁ። አባቴም «ከሐሙስ በኋላ! ከሐሙስ በኋላ እኔ ራሴ እከፍትልሃለሁ!» አላት።

ሔራን ወደ በሩ ተጠጋች። «አቶ ሸረፋ፣ ከመጋዘኑ ካልወሰድኩ መጋዘኑ ነው ማለት አልችልም። መጋዘኑ ነው ካላልኩ ደግሞ ባዶ ይሁን፣ ይጽዳ ብሎ የሚያዛችሁ የለም።»

አባቴ ከበሩ አልተነቃነቀም። ሔራን ሳህኖቹን ከመኝታ ቤት ሰብስባ፣ ከድና፣ በፕላስተር አሽጋ ሳጥኑ ውስጥ አስገባች። ሹፌሩ ሳጥኑን በአንድ እጁ አንጠለጠለው። ቀላል ነበር። ሙና የለችበትም። እኔ ሙናን ይዤ በደስታ ዘለልኩ፣ አባቴ ጋ ሮጬ እግሩን አቀፍኩት። ጭንቅላቴን አሻሸኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀግና ከተጣላ በኋላ እንደዚያ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

ሐሙስ የጭነት መኪና መጣ፣ በርበሬው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በሳምንቱ ሌላ በርበሬ ገባ፤ መጋዘኑ ግን ለሔራን አልተከፈተም። ከወልቂጤም መልእክት መጣ፤ ልጆቹ በዚያ ክፍል አይተኙ የሚል። አባቴ በዚያው ቀን አልጋችንን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣው። ግን የፊተኛው ክፍልም ግድግዳው ያው የመጋዘኑ ግድግዳ ነበር። «ጉንዳኖቹ» ክረምቱ ሳይጋመስ እዚያም ደረሱ።

«የሸረፋ በርበሬ ሻጋታ አለው» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ተራው ላይ ማንም አያናግረውም ነበር። የአባቴ ፍርሃት እሱ ነበር። ይህንንም የማውቀው ዛሬ ነው።

ሙና የሞተችው ዝናብ ባላባራበት አንድ ከሰዓት ነው። ፉጨቱ ቀረ። እኔ ፉጨቱን የተወችው ደክሟት ነው ብዬ ነበር። እናቴ ግን ጮኸች። አባቴ አቅፏት ወደ መንገድ ሮጠ፤ ጭቃው ጫማውን አስቀረበት፣ በአንድ እግር ጫማ ሮጠ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ተመለሰ። ሲመለስ ይራመድ ነበር እንጂ አልሮጠም።

ሻጋታው ብቻውን ገደላት አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ደረቷ ከተፈጥሮም ደካማ ነበር ይሆናል። የማውቀው ሔራን መጋዘኑን ለማየት ለምና እንዳልተፈቀደላት ነው።

ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ መሃል ነው። ያለ ድምፅ ያለቅሳል፣ ትከሻው ብቻ ይነሳል ይወድቃል። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው ስለማላውቅ በጣም ደነገጥኩ። ላጽናናው ፈለግኩ። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ከአላህ ነው» ይለዋል፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር አውቃለሁ። ሙና በሰው አገር በበረዶ ሳጥን ውስጥ አልሞተችም፣ ቤቷ ነው የሞተችው፣ ይህም በእሱ ጀግንነት ነው። በሰዎቹ መሃል ሰንጥቄ ገብቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አባ፣ አታልቅስ» አልኩት ጮክ ብዬ። «ናሙና አይወሰድም ብለህ የከለከልከው አንተ ነህ እኮ። አንተ ባትከለክል ይወስዱት ነበር።»

ዱዓ የሚያደርገው ሽማግሌ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አጎቴ ጀማሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። እናቴ ከሴቶቹ በኩል መጥታ አፌን በመዳፏ አፍና ጎትታ ወሰደችኝ።

እኔ እኮ አጽናናሁት ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ በርበሬ ነግዶ አያውቅም። መጋዘኑን በመዶሻ ራሱ አፈረሰው። የዕቃ ሱቅ ከፈተ። ሌላም ነገር ተለወጠ። «ና» ማለት ተወ። እናቴን «ነይ»፣ እኔን «ነይ» ማለት ጀመረ። አማርኛው ተስተካከለ! ሰፈርተኛው ሸረፋ አማርኛ ተማረ እያለ ቀለደበት። እኔን ግን ቀና ብሎ አያየኝም። ስገባ ይወጣል። ስሜን ሲጠራ እንኳ ግድግዳ እያየ ነው። የእኔ ትርጉም ቀላል ነበር፤ አባቴ ሙናን ነበር የሚወደው፣ የቀረሁት እኔ በመሆኔ አዝኗል። ይህን ይዤ አደግኩ፣ ይህን ይዤ ተማርኩ፣ ይህን ይዤ ወልቂጤ ሥራ ያዝኩ።

«ናሙና የሚለውን ቃል እስከዚያ ድረስ አልሰማሽም?» ትሉኛላችሁ። ሰምቻለሁ። ሰባተኛ ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው እህቴ ትዝ ብላኝ ወጥቼ አለቀስኩ። የእህቴን የቤት ስም የሚመስል ቃል አለ ብዬ፣ በቃ። በእኔ ትዝታ ውስጥ ሰዎቹ የመጡት ሙናን ሊወስዱ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ተዘግቷል። ሰው ሲፈልግ ምን ያህል ደደብ እንደሚሆን እኔን አይቶ መማር ይቻላል።

ያለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን፣ እኔ የምሠራበት መዝገብ ክፍል፣ ከክረምቱ በኋላ ግድግዳው ጠቆረ። ሦስት ሠራተኛ ሳል ያዘው። የሚመረምር ሰው ተጠራ፤ ነብዩ የሚባል ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ሰማያዊ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገው። ክዳኑ ነጭ ነው። ትንንሾቹን ሳህኖች አወጣ። ቢጫ የረጋ ነገር አላቸው። አንዱን በሩ ጋ አስቀመጠ።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ መደርደሪያዎቹን ላለማንሳት ብላ «ከመደርደሪያው ኋላ ይቅርብን በናትህ» አለችው።

እሱም እየሳቀ፣ «እንዴ! ከዋናው ቦታ ናሙና አይወሰድም እያልሽኝ ነው?» አላት።

ናሙና አይወሰድም።

እጄ ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተፈረከሰ። ያ በር ታየኝ። የተዘረጉት እጆች ታዩኝ። እናቴ ተንበርክካ «ይወሰድ» ስትል ታየችኝ። ቢጫ ሳህኖቹ፣ ጥጡ፣ ቀላሉ ሳጥን። አንድ በአንድ ሁሉም ሌላ ፊቱን አሳየኝ። ሰዎቹ «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ኮሪደር ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ሙና ሳትሞት የመጡት ሰዎች፣ ከመጋዘኑ ሊወስዱ የነበረው ምን ነበር?»

«ናሙና ነዋ» አለች።

«ሙናን?»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ሙናን ምን ያደርጓታል? የሻጋታውን ናሙና ነዋ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አንቺ እኮ ይውሰዱ ብለሻል» አልኳት። እንደ ሰባት ዓመት ልጅ እየተንሰቀሰቅኩ።

«አዎ ብያለሁ። ለምኜዋለሁ» አለች እናቴ። ከዚያ፣ «ሰፍያ… ፀጉርሽን እምቢ ያልሽኝ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ቅዳሜ በአገና በሚያልፈው ሚኒባስ ቡታጅራ ገባሁ። አባቴ ድሮ መጋዘኑ በነበረበት ባዶ ቦታ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አርጅቷል። «አሰላሙ አለይኩም አባ» አልኩት። «ወአለይኩም ሰላም። ነይ ተቀመጪ» አለኝ፣ እንደ ልማዱ ወደ አጥሩ እያየ።

እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም። ዝም ብዬ፣ «አባ፣ መሥሪያ ቤታችን ግድግዳው ሻግቶ በዚህ ሳምንት ናሙና ተወሰደ» አልኩት።

አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑን ዓይኔ ላይ አደረገ። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ከሁሉም ቦታ ወሰዱ?»

«ከሁሉም ቦታ።»

«ፈቀዳችሁ?»

«ፈቀድን።»

ሲቆጥርበት የነበረው መቁጠሪያ ጣቱ ላይ ቆመ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሃያ ዓመት ልጠይቅሽ ፈርቼ የኖርኩትን። ያን ቀን፣ ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ያልሽኝን… አውቀሽ ነው ያልሽኝ?»

አባቴ ጠልቶኝ አልነበረም። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ቆማ «የከለከልከው አንተ ነህ» ስትለው የፈረደችበት መስሎት ኖሯል። ለማጽናኛ የሰጠሁትን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ቢላ ተሸክሞት ኖሯል።

«አላወቅኩም አባ» አልኩት። «በአላህ ስም እምልልሃለሁ አላወቅኩም። ናሙና ማለት ሙና መስሎኝ ነው። እኛ ቤት ስሟ እሱ ነበር እኮ። በሳጥኑ ሊወስዷት የመጡ፣ አንተ ደግሞ በር ላይ ቆመህ ያዳንካት መስሎኝ ነው። ላጽናናህ ነው የመጣሁት።»

አባቴ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ሙና መስሎሽ?» አለ። «ሙና…» ከደረቱ የሆነ ድምፅ ወጣ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔ አልለየሁትም። «አላህ በልጄ አፍ የተናገረኝ መስሎኝ! የራሴን ልጅ ፈራሁ! ዓይንሽን ማየት ፈራሁ እኮ! አልሐምዱሊላህ፣ አላወቅሽም! አላወቅሽም ነበር!» እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ ነበር። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«ና» አለኝ። «ና ሰፍያ።»

ተነሳሁ። አንድ እርምጃ እንደሄድኩ ፊቴን አየው። የዘረጋው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያን ቀን ጭንቅላቴን ሲያሻሸኝ እንደተንቀጠቀጠው።

«አሁንስ?» አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ። «አሁን ታውቃለህ?»

«አሁን አውቃለሁ አባ» አልኩት።

እጁን አላጠፈም። ዓይኑንም አልሰበረም። የሚመጣውን ሊቀበል እንደተዘጋጀ ሰው ጠበቀኝ። ሄጄ እጁን ያዝኩት።